ሳይቀዱ መፈለግ፦ የጽሑፍ ቁራጭ፣ የጥለት ፍለጋና የፊደል ገበታ

አጽሕሮት

ይህ ጽሑፍ ቅጂ-አልባ ንባብ የሚባለው የፕሮግራም አሠራር በግዕዝ ፊደል ለሚጻፉ ቋንቋዎች፣ በተለይም ለአማርኛ፣ ምን እንደሚጠቅምና የት እንደሚያጥር ይመረምራል። የመከራከሪያ ነጥቡ ሁለት ክንፍ አለው። አንደኛ፣ የአሠራሩ ዋና ጥቅም በሰፊው እንደሚወደሰው ፍጥነቱ ሳይሆን ለምንጩ ያለው ታማኝነት ነው። ሁለተኛ፣ በፊደል የሚጻፍ ቃል ስፌቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ፊደል ውስጥ ስለሚያልፍ፣ አሠራሩ የሚመልሰው ቁራጭ ለምዕላድ ትንተና ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ቁራጩን ከትንተናው ጋር የሚያስተሳስር ሦስተኛ ነገር ያስፈልጋል።

1. መነሻ

ጽሑፍን የሚያነቡ ፕሮግራሞች በጠባያቸው በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን የሚያነበውን ጽሑፍ ይቀዳል፤ ከዚያም ቅጂውን እየቆራረጠ፣ እያስተካከለና እያጸዳ ይሠራል። ሌላው ወገን ጽሑፉን በነበረበት ይተወዋል፤ ቃል ሲያገኝ የሚይዘው ቃሉን ሳይሆን «ከዚህ ባይት ጀምሮ ይህን ያህል ርዝመት» የሚል ጥቆማ ነው። የመጀመሪያው ተማሪው ከገበታው ላይ በራሱ ሰሌዳ እንደሚገለብጠው ሲሆን፣ ሁለተኛው ፊደል የሚያስቆጥር መምህር በስንደዶ እየጠቆመ እንደሚያነበው ነው። ሁለተኛው አሠራር በዚህ ጽሑፍ ቅጂ-አልባ ንባብ ይባላል።

የሶፍትዌር ባለሙያዎች ይህን አሠራር የሚመርጡት ጊዜና የኮምፒውተር ማኅደር ስለሚቆጥብ ነው። ይህ ምክንያት ለቋንቋ አጥኚው እምብዛም ክብደት የለውም። በአማርኛ የጥናት ታሪክ ብዙ ጊዜ ከሚጠቀሱት የጽሑፍ ክምችቶች አንዱ፣ ከዋልታ ኢንፎርሜሽን ማዕከል ዜናዎች የተዘጋጀውና የቃል ክፍል ምልክት የተሰጠበት ክምችት፣ 1,065 ዜናዎችና 210,000 ገደማ ቃላት አሉት። አንድ ቃል በአማካይ 5 ፊደል ነው፣ እያንዳንዱ ፊደልም 3 ባይት ይወስዳል ተብሎ ቢሰላ፣ ጠቅላላው ከ3 ሚሊዮን ተኩል ባይት አይዘልም። እንዲህ ያለውን ክምችት አሥር ጊዜ መቅዳት ለማንኛውም ተራ ኮምፒውተር የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። የቅጂ-አልባ አሠራር ለእነዚህ ቋንቋዎች የሚበጅ ከሆነ ምክንያቱ ከፍጥነት ውጭ መፈለግ አለበት።

2. ቁራጭና ጥለት

አሠራሩ በግልጽ ከሚታይባቸው መሣሪያዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2015 የመጀመሪያው የጸና እትሙ የወጣው ረስት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። በረስት ጽሑፍ የሚቀመጠው በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት ነው፤ የጽሑፍ ቁራጭ ማለትም መነሻ ቦታና ርዝመት ብቻ ነው። በጽሑፉ ላይ ፊደል በፊደል የሚራመደው መሣሪያ እያንዳንዱን ፊደል ከነቦታው ይሰጣል፤ «ሰበረ» ለሚለው ቃል ሰ በ0፣ በ በ3፣ ረ በ6 ላይ መሆናቸውን ይናገራል። አንድ ሰው ቃሉን በ4 ላይ ልቁረጥ ቢል ፕሮግራሙ ይቆማል፤ ምክንያቱም 4 በ«በ» ሆድ ውስጥ ነው፤ እዚያ ቢቆረጥ የሚገኘው ፊደል ሳይሆን ስብርባሪ ነው።

ለፍለጋ የሚሰጠው ጥለት አንድ ፊደል፣ አንድ ቃል፣ የፊደላት ዝርዝር፣ ወይም ፊደል ተቀብሎ «ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ የሚመልስ ተግባር ሊሆን ይችላል። ይህ የመጨረሻው አማራጭ ለቋንቋ አጥኚው ከሁሉ የበለጠ ዋጋ አለው፤ ወደ ኋላ እንደሚታየው ቋንቋ-ነክ ዕውቀት በጽሑፉ ላይ ሳይሆን በጥለቱ ውስጥ እንዲቀመጥ ይፈቅዳል።

ተዘጋጅተው የሚመጡት ጥለቶች ግን በሌላ የጽሑፍ ባህል ልክ የተሰፉ ናቸው። «በባዶ ቦታ ክፈል» የሚለው ትእዛዝ ሁለት ነጥብን (፡) አያውቀውም፤ ዩኒኮድ ሁለት ነጥብን የመደበው ከሥርዓተ ነጥብ ጋር እንጂ ከባዶ ቦታ ጋር አይደለም። ስለዚህ በሁለት ነጥብ የተለያየ የቆየ ጽሑፍ ሲሰጠው ሙሉውን ዐረፍተ ነገር እንደ አንድ ቃል ይመልሳል። ብዙ ጸሐፊዎች አራት ነጥብን (።) በመጻፍ ፈንታ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ይመታሉ፤ ለዓይን አንድ የሚመስለው ለፕሮግራሙ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። «አሐዝ» የሚለው የተለመደ ጥለትም ፩ን፣ ፪ንና ፫ን አሐዝ አይላቸውም፤ የዩኒኮድ አመዳደብ ከአሥርዮሽ አሐዞች ጎራ ስላላስገባቸው ነው። «ት/ቤት» እና «ወ/ሮ» ደግሞ በሕዝባሩ ላይ ተሰብረው ይወጣሉ። እነዚህ ጉድለቶች በአንድ ቀን ሥራ የሚታረሙ ናቸው፤ የሚቀጥለው ጉዳይ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

3. በፓርክላንድስ ጎን ለጎን የሚኖሩ ጽሕፈቶች

የጉዳዩ ጥልቀት የሚታየው የተለያዩ የአጻጻፍ ሥርዓቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው፤ ለዚህም ናይሮቢ ውስጥ ፓርክላንድስ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆናል። ሰፈሩ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ የዕለት መግባቢያ የሆኑበት፣ ጊኩዩ የሚነገርበት፣ ጉጃራቲ ተናጋሪ ማኅበረሰብም ለትውልዶች የኖረበት ነው።

ስዋሂሊ «ላም» ለማለት የሚጠቀምበት ቃል በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሁለት ፊደላትና አንድ አፖስትሮፍ ተባብረው አንድ የሰርን ድምፅ ይወክላሉ። አፖስትሮፍን እንደ ሥርዓተ ነጥብ የሚቆጥር መክፈያ ቃሉን ለሁለት ይከፍለዋል። ጊኩዩ በበኩሉ በላያቸው ቲልዴ የተደረገባቸው ሁለት አናባቢዎች አሉት፤ እያንዳንዳቸው በኮምፒውተር ውስጥ በሁለት መንገድ ይጻፋሉ። አንደኛው መንገድ ምልክቱንና ፊደሉን በአንድ የኮድ ቁጥር፣ በ2 ባይት ያስቀምጣል፤ ሌላው ፊደሉንና ምልክቱን በሁለት ቁጥር፣ በ3 ባይት ያስቀምጣል። የደራሲው የንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ስም ብቻውን ሁለቱንም ፈተና ይዟል፤ ሁለት ባለ ቲልዴ አናባቢዎችና አንድ አፖስትሮፍ አለበት። ባይትን ከባይት ጋር ብቻ የሚያስተያይ ፍለጋ በአንዱ መንገድ የተጻፈውን ስም ይዞ በሌላው መንገድ የተጻፈውን አያገኝም። ሆኖም የሁለቱን እኩልነት ዩኒኮድ ራሱ ደንግጎታል፤ ተመራማሪው የሚከራከርበት ጉዳይ አይደለም።

ጉጃራቲ ለግዕዝ ፊደል በአወቃቀሩ ይቀርባል፤ በሁለቱም ተነባቢው መሠረት ሆኖ አናባቢው ቅርጹን ይቀይራል። በኮምፒውተር ውስጥ ግን መንገዳቸው ይለያያል። ጉጃራቲ «ኪ» ብሎ ሲጽፍ ተነባቢው አንድ ቁጥር፣ የአናባቢው ምልክት ሌላ ቁጥር አላቸው፤ እያንዳንዳቸው 3 ባይት ስለሆኑ በድምሩ 6 ባይት ይይዛሉ። በመካከላቸው የሚያልፈው ስፌት ባይት ከባይት በሚለይበት ትክክለኛ ቦታ ላይ ነው። በግዕዝ ፊደል «ኪ» አንድ ቁጥርና 3 ባይት ብቻ ነው፤ መሀሉ ላይ መቁረጫ የለም። ተመሳሳይ የድምፅ አወቃቀር ያላቸው ሁለት የአጻጻፍ ሥርዓቶች ለቅጂ-አልባ ንባብ የተለያየ ቁሳቁስ ያቀርባሉ ማለት ነው።

4. የገበታው ረድፍ በቁጥሩ ውስጥ

መቁረጫ የለም ማለት መመልከቻ የለም ማለት አይደለም። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ የግዕዝን ፊደል ሲያካትት የገበታውን ቅርጽ ጠብቋል። ለእያንዳንዱ ረድፍ 8 ቦታ ተሰጥቶታል፤ ሀ 4608፣ ሁ 4609፣ ሂ 4610 እያለ ሄዶ ለ በ4616 ይጀምራል። የፊደሉ ቁጥር ለ8 ሲካፈል ድርሻው ረድፉን፣ ቀሪው ዐምዱን ይነግራል፤ ቀሪው 0 ከሆነ ግዕዝ፣ 1 ከሆነ ካዕብ፣ 5 ከሆነ ሳድስ፣ 6 ከሆነ ሳብዕ ነው። ይህ ቀሪ በዩቲኤፍ-8 በሦስተኛው ባይት የመጨረሻ ሦስት የሁለትዮሽ አሐዞች ላይ እንዳለ ይገኛል። ፕሮግራሙ ምንም ሳይቀዳ፣ ምንም ሳይተረጉም፣ ፊደሉን እያየ ተነባቢውንና አናባቢውን ለይቶ ማወቅ ይችላል።

ውጤቱ ለሥር ጥናት ቀጥተኛ ጥቅም አለው። ሰ በ582ኛው፣ በ በ588ኛው፣ ረ በ581ኛው ረድፍ ላይ ናቸው። «582፣ 588፣ 581» የሚል የረድፍ ጥለት «ሰበረ»ን፣ «ሰባሪ»ን፣ «ስብራት»ንና በ«ይሰብራል» ውስጥ ያለውን ክፍል በአንድ ፍለጋ ያገኛል። አናባቢዎቹ ስለማይጠየቁ የሴም ቋንቋዎች ሥር በጽሑፉ ላይ እንደ ክር ተስቦ ይታያል።

ክሩ የሚበጠስበት ቦታም አለ። «ተሰባበረ» ላይ በ ስለሚደጋገም ጥለቱ ያልፈዋል። «ከፈተ» ወደ «ከፋች»፣ «ወሰደ» ወደ «ወሳጅ» ሲሄዱ የመጨረሻው ተነባቢ ላንቃዊ ሆኖ ረድፉን ይለውጣል። «ሰማ» ከጥንታዊ ሥሩ አንድ ተነባቢ ጥሎ ሁለት ፊደል ብቻ ቀርቶታል። ከንፈራም ፊደላት ደግሞ የራሳቸው ረድፍ ስለተሰጣቸው፣ በ«ጎንደር» መነሻ ያለው ጎ (4878) እና በ«ጐንደር» መነሻ ያለው ጐ (4880) በሁለት ቁጥር ብቻ ቢለያዩም በሁለት ረድፍ ላይ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከቋንቋው ሥነ ምዕላድና ታሪክ የመጡ ሲሆኑ፣ የመጨረሻው ግን ከአጻጻፍ ልማድ የመጣ ነው። አንድ የፍለጋ መሣሪያ እነዚህን ሁለት ዓይነት መለያየቶች ለይቶ መያዝ ካልቻለ ለአጥኚው የሚሰጠው ቁጥር የቋንቋውን ጠባይ ከጸሐፊው ልማድ ጋር ያደባልቃል።

5. የሞክሼ ፊደላት ፈተና

ቅጂ-አልባ አሠራር ዋጋው ጎልቶ የሚታየው በሞክሼ ፊደላት ላይ ነው። በአማርኛ ንባብ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ አንድ ድምፅ ናቸው። «ፀሐይ» የሚለው ቃል የመጀመሪያው ፊደል በ2፣ ሁለተኛው የግዕዝና የራብዕ ቅርጾች ተቆጥረው በ6 መንገድ ሊጻፍ ስለሚችል፣ በጠቅላላው 12 ሊሆኑ የሚችሉ ቅርጾች አሉት። በአማርኛ የኮምፒውተር ሥራዎች የተለመደው መፍትሔ ከሥራው አስቀድሞ ሐንና ኀን በሀ፣ ሠን በሰ፣ ዐን በአ፣ ፀን በጸ መተካት ነው። ይህ ሥራ «ማስተካከል» ወይም «ማጽዳት» ይባላል፤ በሥራው ዘገባ ላይም ብዙ ጊዜ ከአንድ ዐረፍተ ነገር በላይ ቦታ አያገኝም።

ሆኖም የሚፈጸመው ነገር ትንሽ አይደለም። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ ወይስ ይጠበቁ የሚለው ክርክር በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከትውልድ ትውልድ ሲወርድ መጥቷል። ምሁራን ያልቋጩትን ክርክር አንድ መስመር የፕሮግራም ትእዛዝ ይቋጨዋል፤ ያውም ስለ ወደፊቱ አጻጻፍ ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ ስለተጻፈውም ይፈርዳል። ከተተካ በኋላ «ድኅነት» ብሎ ስለ መዳን የጻፈውና «ድህነት» ብሎ ስለ ማጣት የጻፈው ጸሐፊ አንድ ይሆናሉ። በግዕዝ ጥቅስ ውስጥ የፀሐይ መውጣትን የሚናገረው «ሠረቀ» ሌብነትን ከሚናገረው «ሰረቀ» ጋር ይቀላቀላል። ጸሐፊው የቤተ ክህነት ትምህርት የነበረው መሆኑን፣ ጽሑፉ በየትኛው ዘመንና በየትኛው ማተሚያ ቤት ልማድ እንደተዘጋጀ ሊጠቁም የሚችለው ምስክርነትም አብሮ ይጠፋል።

ጉዳቱ ድንበር ሲሻገር ይብሳል። በትግርኛ ሐ ከሀ፣ ዐም ከአ የሚለዩ ራሳቸውን የቻሉ ፎኒሞች ናቸው። ለአማርኛ የተዘጋጀው የመተኪያ ሠንጠረዥ «ለግዕዝ ፊደል» በሚል ስም ትግርኛ ላይ ቢሠራ የሚያጠፋው የአጻጻፍ ልዩነትን ሳይሆን የቋንቋውን የድምፅ ሥርዓት ነው።

ዳንኤል ያዕቆብ ለፐርል ቋንቋ ያዘጋጀው የኢትዮጵያ ፊደል የጥለት ፍለጋ መሣሪያ በዚህ ረገድ ትክክለኛውን መንገድ ቀድሞ አሳይቷል። መሣሪያው ለተጠቃሚው የፊደል ረድፍንና ዐምድን እንደ ጥለት እንዲጠራ ይፈቅድለታል፤ ጥለቱን ራሱን ወደ ተራ የፊደላት ዝርዝር ይተረጉመዋል እንጂ የሚፈለግበትን ጽሑፍ አይለውጥም። ሁለተኛው ብልሃቱ የፊደሉን ጠባይ ከቋንቋው ጠባይ መለየቱ ነው፤ ረድፍና ዐምድ የጽሕፈቱ ስለሆኑ በጋራው ክፍል ተቀምጠዋል፤ የአማርኛ ሞክሼዎች ግን ለአማርኛ በተለየው ክፍል ውስጥ ናቸው። ሐና ሀ አንድ ናቸው የሚለው አባባል በመሣሪያው ውስጥ ያለው ቦታ የአንድ ቋንቋ አንድ መላምት ነው፤ ተመራማሪው ሊቀበለው፣ ሊተወው ወይም በከፊል ሊሠራበት ይችላል።

ማስተካከልን የሚደግፉ ወገኖች ተገቢ መከራከሪያ አላቸው። ለማሽን ትርጉምና ለመረጃ ፍለጋ አንድ ቃል በ12 ቅርጽ መበተኑ ስሌቱን ያሳሳዋል። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን መከራከሪያው ቅርጾቹ በስሌት ጊዜ እንደ አንድ ይቆጠሩ የሚል እንጂ ከክምችቱ ይጥፉ የሚል አይደለም። በጥለት የተነገረ እኩልነት ለስሌቱ ይበቃል፤ ነገ ጥያቄው ሲለወጥም ጥለቱ ተለውጦ ፍለጋው እንደገና ይካሄዳል። በጽሑፉ ላይ የተፈጸመ መተካት ግን ተመልሶ አይፈታም።

6. ስፌቱ በፊደል ውስጥ ሲያልፍ

እስካሁን የተነገረው ቅጂ-አልባ አሠራርን የሚደግፍ ነው። ወሰኑ የሚገለጠው ፍለጋው ከቃል ወደ ምዕላድ ሲወርድ ነው። «ቤቱ» የሚለው ቃል «ቤት» ከሚለው ስምና ከ«ኡ» ቅጥያ የተሠራ ነው። የሁለቱ ስፌት የሚገኘው በ«ቱ» ውስጥ፣ በ3 ባይት ሆድ ነው። የስሙን ቁራጭ ለመስጠት የሚቻልበት የባይት ቦታ የለም፤ «ቤ» ቢሰጥ ይጎድላል፣ «ቤቱ» ቢሰጥ ይተርፋል። «ከአንተ» እና «ካንተ» ደግሞ አንድ አገላለጽ ሆነው ሳለ አንዱ ስፌቱን በሁለት ፊደላት መካከል፣ ሌላው በ«ካ» ውስጥ አስቀምጦታል። ፊደል በፊደል የሚጠይቅ ጥለት፣ የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን፣ ሁለት ፊደል ከአንድ ፊደል ጋር እኩል መሆኑን አያውቅም።

ጥብቀት ከዚህም ይርቃል። «ይበላል» ላልቶ ሲነበብ የበይውን፣ ጠብቆ ሲነበብ የሚበላውን ነገር ይናገራል። ዩኒኮድ የጥብቀት ምልክት ቢኖረውም የዕለት ጽሑፍ አይጠቀምበትም፤ ስለዚህ ሁለቱ ግሦች ባይት በባይት አንድ ናቸው። በቁራጩ ውስጥ የሌለን ነገር ከቁራጩ ማውጣት አይቻልም።

የቀድሞ ሥራዎች ይህን ችግር በተለያየ መንገድ አልፈውታል፤ እያንዳንዱም የከፈለው ዋጋ አለ። ግርማ አውግቸው ደመቀና መስፍን ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ያቀረቡት የዋልታ ዜናዎች ምልክት አሰጣጥ በባዶ ቦታ የተለየውን ቃል ሳይሰብር ይወስዳል። በዚህም የገጹን አጻጻፍ ጠብቋል፤ በምላሹ «ስም ከመስተዋድድ ጋር»፣ «ስም ከመስተጻምር ጋር» የሚሉ ድርብ ምልክቶችን መፍጠር ግድ ሆኖበታል። የሰዋስው ክፍልፋዩ በምልክቱ ስም ውስጥ ተደበቀ እንጂ በጽሑፉ ላይ አልታየም። ማይክል ጋሰር እ.ኤ.አ. በ2011 ያስተዋወቀው ሆርንሞርፎ በተቃራኒው አቅጣጫ ሄዷል። አማርኛንና ትግርኛን ሲተነትን ፊደሉን ወደ ላቲን ሆሄያት ይገለብጣል፤ ተነባቢና አናባቢ ተነጣጥለው ስለሚቀመጡ ስፌቱ ይገለጣል፤ «ይበላል» ላይም ሁለቱን ንባቦች ማቅረብ ይችላል። ይህ ቅጂ ነው፤ አስፈላጊ ቅጂም ነው። ጥያቄው ቅጂው ከምንጩ ጋር የሚያገናኘው ክር ይኑረው አይኑረው የሚለው ነው። ቢንያም ኤፍሬም ስዩም፣ ዩሱኬ ሚያዎና ባዬ ይማም እ.ኤ.አ. በ2018 ያቀረቡት ባለ 1,074 ዐረፍተ ነገር የአማርኛ የዛፍ ክምችት ደግሞ ጥገኛ ምዕላዶችን ከቃሉ ነጥሎ የአገባብ ቦታ ሰጥቷቸዋል፤ ድርብ ምልክቶቹም አላስፈለጉትም።

7. የሚያስፈልገው ሦስተኛ ነገር

ከዚህ ንጽጽር የሚወጣው ፍርድ አንዱን አሠራር መርጦ ሌላውን መጣል አይደለም። ቁራጭ የገጹን እውነት ይናገራል፤ ትንተና የቋንቋውን እውነት ይናገራል። ስህተት የሚመጣው አንዱ የሌላውን ቦታ ሲወስድ ነው፦ ባዶ ቦታ የለየው ቁራጭ የሰዋስው ክፍል ተደርጎ ሲቆጠር፣ ወይም ለትንተና የተስተካከለ ቅጂ ምንጭ ተደርጎ ሲቀመጥ።

ስለዚህ በፊደል ለሚጻፉ ቋንቋዎች የሚዘጋጅ የንባብ ላይብረሪ ሦስት ነገሮችን ማሟላት ይጠበቅበታል። አንደኛ፣ ምንጩ ከነሞክሼዎቹ፣ ከነሁለት ነጥቡና ከነስህተቱ አይነካ። ሁለተኛ፣ እኩልነት ሁሉ በጥለት ውስጥ፣ በየቋንቋው ተለይቶና ተሰይሞ ይቀመጥ፤ የአማርኛው ለትግርኛ በዝምታ አይተላለፍ። ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ የተተነተነ ክፍል መነሻና መድረሻ ቦታ ይሰጥ፤ ሁለት ምዕላዶች አንድን ፊደል ሲጋሩም ሁለቱ ወደ አንዱ ፊደል እንዲጠቁሙ ይፈቀድ። «ቤት» ከ0 እስከ 6፣ «ኡ» ከ3 እስከ 6 ይጠቁማሉ፤ «ቱ» የሁለቱም ነው። ቁራጮች መደራረብ የለባቸውም የሚለው ልማድ ከላቲን ፊደል የመጣ ምቾት እንጂ የጽሑፍ ሕግ አይደለም።

ሦስተኛው መስፈርት ለፕሮግራም አዘጋጆች እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ለቋንቋ አጥኚዎች ግን አዲስ አይደለም። ዓለም አቀፉ የጥገኝነት ዛፍ አቀማመጥ በገጹ ላይ የሚታየውን ቃል በአንድ መስመር፣ የአገባብ ቃላቱን ከሥሩ በተለያዩ መስመሮች በማስፈር ለዐረብኛና ለዕብራይስጥ ሲያገለግል ቆይቷል። ለፊደል የሚቀረው ጥቆማውን ከቃል ወደ ፊደል ማውረድ ነው። ይህ ሥራ ክምችቶቹ ገና ትንሽ ሳሉ ካልተሠራ፣ ዛሬ «ጸድተው» የሚቀመጡት ጽሑፎች ለነገው የአጻጻፍ ታሪክ ተመራማሪ የሚመልሱለት ጥያቄ አይኖራቸውም።